ጠዋት የሚከብደው መሪ

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፷፬፣ ጠዋት ፩ ሰዓት

ዛሬም ከበደ። ከጤ/ጣቢያው ግቢ ላወጣት መሪውን ብጠመዝዘው እንቢ። ጥርሴን ነክሼ፣ በሁለት እጄ። ጾሙ ከገባ ወዲህ እንዲህ ናት። የሚገርመው፣ አንተ ደብተር፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ይለቃታል። በአንድ ጣት ትዞራለች። ቀን ደህና፣ ጠዋት ድንጋይ። ጠዋት የሚያኮርፍ ሰው አውቃለሁ፤ መኪና ግን ገና ማየቴ ነው።

ረጅም የአሜሪካ መኪና ናት፤ ፈረንጆች ለጤ/ጣቢያው የሰጧት። መሪዋን ዘይት ያግዘዋል። ከኮፈኑ ሥር ቀይ ዘይት የሚጠጣ ትንሽ ጣሳ አለ። መካነ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ሌላ የለም፤ ስለዚህ የምጠይቀውም ሹፌር የለም።

ቀልዱን ልተው። የፊታችን ሰኞ ባለቤቴን ብርቄን ደሴ ሆስፒታል ላደርሳት ነው። አምና መኪናዋ ተበላሽታ ቆማ ሳለ፣ ልጁ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቶ፣ በቃሬዛ ተሸክመናት፣ ወረኢሉ እንኳ ሳንደርስ... አልጽፈውም። ዘንድሮ በጤ/ጣቢያው በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰሩ ምጧ ሳይመጣ ውሰዳት ብሎኛል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጎህ ሲቀድ መነሳት አለብን። ያንን ቁልቁለት በዚህ መሪ? በብርዱ?

ማክሰኞ ፳

የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አየሁ። ደህና። ጎማ ነፋሁ። ያው። ግሪስ ቀባሁ። ያው። ድሬሰሩ ብርድ ነው ይለኛል። ብርድማ አምናም ነበር! እሱ ስለ ኩፍኝ ይጨነቅ፤ መሪውን ለእኔ ይተው።

ከቀትር በኋላ እስከ ከላላ መገንጠያ ነዳኋት። ሞተሩ ሲግል አንድ ሽታ መጣ። ቤንዚን አይደለም። የተቃጠለ ጎማም አይደለም። ጥሩ ሽታ ነው፣ የማውቀው፤ የት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። እያሸተትኩ ስነዳ አህያ ልገጭ ነበር። ባለአህያው የሰደበኝን ስድብ እዚህ አላሰፍረውም።

ረቡዕ ፳፩፣ ኅዳር ጽዮን

ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ኮፈኑ ሥር ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሞተር ሳላስነሳ የዘይቱን ጣሳ ከፈትኩ። ጣቴን ብሰድ ረግቷል። ቢጫ፣ በቀይ የተዥጎረጎረ። በማንኪያ ቆንጥሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀለጠ። ጥላ ውስጥ መለስኩት፤ ረጋ። ደግሜ አወጣሁት። የያዝኩትን ሥራ ረስቼ በማንኪያ ስጫወት አረፈድኩ። በመጨረሻ አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። አደስ! የሙሽራ ራስ ሽታ!

ቅቤ ነው። መኪናዬ ቅቤ ጠጥታለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ማን ነው? ከእኛ ቤት አይደለም፤ ጾም ነው፣ ቅቤ የሚባል ነገር የለም። ብርቄ ስትመለስ ነገርኳት። ነጠላዋን ስታጣጥፍ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስታጣጥፍ ቆይታ፣ እትዬ ዘይነባን ጠይቃቸው አለችኝ።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ዱዓ የሚያደርጉ ባልቴት። አምና ቃሬዛው ሲነሳ የብርቄን እጅ ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ የሸኙን እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ፳፪

ልጣላ ሄድኩ። በሩ ላይ አብሽር፣ ግባ አሉኝ። ገና ሳልጠይቃቸው፣ ቅቤዬ ሠራላት ወይ? ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብርቄ ራስ በአደስ ያነጠሩትን ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። ብርቄ ጾም ገብቷል፣ አልቀባም ትላለች። ሲመለሱ መኪናዋን ኮፈኗ ተከፍቶ ያገኟታል። እውነት ነው፤ ዘይቱን ሳይ ድሬሰሩ ጠርቶኝ፣ የጣሳውን ክዳን ሳልመልስ ሄጄ ነበር።

«ሰው ተሸክሞ መንገድ የሚወጣ አናቱ ይቀባል፤ በቅሎም ብትሆን» አሉኝ። «እሷ ደግሞ እርግብግቢቷ ክፍት ነበር። እዚያ አፈሰስኩላት፣ ዱዓ አድርጌ።»

እርግብግቢት! ስንት ዓመት ስነዳ መኪና እርግብግቢት እንዳላት አላወቅሁም።

ቅቤው በብርድ እንደሚረጋ፣ መሪውም እንደሚይዝ ነገርኳቸው። የቁልቁለቱን ገደልም ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። የያዙትን ሳፋ አስቀምጠው ተነሱ።

«ልጆቼን ልጨርስ ነበር? አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

አፉ ብያለሁ አልኩ። ይዤው የሄድኩት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

ዓርብ ፳፫

በእህል ጫኚው ሹፌር ያስላክሁት ቀይ ዘይት ከደሴ መጣ። አንድ ቆርቆሮ ብቻ። በላምባ ልጠበው ብዬ አስቤ ነበር፤ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ይበላብኛል ብዬ ፈራሁ። ቅቤን የሚያስወጣው ሙቀት ነው።

ቅዳሜ ፳፬፣ ቀትር

ሞተሩ እስኪግል ነድቼ መጣሁ። ከፊት በክሪክ አነሳኋት። ዘይት የሚመልሰውን ቱቦ ፈትቼ ጫፉን ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ሞተር አጥፍቼ መሪውን ወደ ቀኝ እስኪያቆም፣ ወደ ግራ እስኪያቆም። እየተንደቀደቀ ወጣ። ግቢው በሙሉ ሠርግ ሠርግ ሸተተ። አስታማሚዎች ከበውኛል። አንዱ፣ ይኼን ሁሉ ቅቤ የጠጣች እንዴት አልወፈረችም? ይለኛል።

የአዲሱን ዘይት ግማሽ ለማጠቢያ አፈሰስኩ። ከቀረው ላይ ሞላሁ፤ ጥቂት ተረፈ። ነገ ሲነጋ ይታያል።

እሑድ ፳፭

ሲነጋ ሞከርኩ። ወደ ቀኝ ደህና። ወደ ግራ ያዝ አደረገኝ። አሁንም አለ! ድሬሰሩ ቃሬዛውን ላስጠግነው ወይ አለኝ። ቃሬዛ የሚል ቃል ብርቄ ፊት እንዳትናገር ብዬ ጮኽኩበት። ጮኽኩ፣ አዎ።

ታች፣ መሪው ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ ተደብቋል። ቀዝቃዛ ቦታ ነው፤ የሞተሩ ሙቀት አይደርሰውም። እትዬ ዘይነባ ማሰሮ ሙቅ ውሃና አሮጌ ጨርቅ አመጡ። ቱቦውን ዳግም ፈትቼ፣ ጨርቁን እየነከርኩ ሳጥኑን ጠቀለልኩት። ሲበርድ ሌላ፣ ሲበርድ ሌላ። እሳቸው ውሃ ያመላልሳሉ፣ ከአፋቸው ዱዓ አይለይም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ጉርሻ የምታህል ቢጫ ከቱቦው ዱብ አለች። ከዚያ ወዲያ ቀይ ብቻ። ከቆርቆሮው የተረፈችውን ጠብ ሳላደርግ ሞላሁ። ከእንግዲህ የማጥብበት ዘይት የለኝም። ከአሁን በኋላ የቀረው የነገ ብርድ ነው።

ሰኞ ፳፮፣ ሲነጋ

አመዳይ ጥሏል። የመኪናዋ ጣሪያ ነጭ ነው። ሞተር አስነሳሁ። መሪውን ለመንካት ፈርቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጣት። ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ግራ... ዞረ። ብርቄ ከኋላ፣ ምን ሆነህ ነው? ትላለች። ደግሜ በአንድ ጣት አዞርኩላት።

እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመዋል። ትንሽ ሳህን ይዘዋል፣ ከነአደሱ። መኪናዋን ያዩና ሳህኑን ይደብቃሉ። ሊጠጉ አፈሩ።

ወረድኩ። ኮፈኑን መታ መታ አድርጌ መዘጋቱን አሳየኋቸው። ባርኔጣዬን አወለቅሁና ጎንበስ አልኩ።

«ተሸካሚው እኔ ነኝ፣ እትዬ። እዚህ ይቀቡ» አልኳቸው።

ጾም ነው፤ ይሁን፣ በአናት አይበላም። ቀቡኝ።  ቅቤው ግንባሬ ላይ እየወረደ ነው የምጽፍልህ፣ ገጽህን ካቆሸሽኩት ይቅር በለኝ። ብርቄ ትስቃለች። ከአምና ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ሞተሩ ሞቋል። እንሂድ።