ስለ አቶ ሳህሌ የተሰበረ ክንድና በመዝገብ ስለሰፈረው ደህንነታቸው

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.)
ሲያትል

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት መኮንኖች ሁሉ የተሟላ ጤና፣ በተለይም ጽኑ አጥንት እመኛለሁ። የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በአደራ ፖስታ ተልኮልዎታል፤ አማርኛው በወርኃዊት ጋዜጣችን የሚወጣው አንባቢዎቻችን ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ሳይሸራረፍ እንዲያዩት ነው። ከዚህ በታች የማሰፍረው በወረቀት የያዝሁትን ወይም ከዓይን ምስክር የሰማሁትን ብቻ ነው።

ኦክቶበር 11 ቀን 1986፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ። በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የሚሠሩት አቶ ሳህሌ ውብአየሁ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሬኒየር አቬኑ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ከአንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ የወረዱ ሦስት ነጭ ወጣቶች ጥቁርነታቸውን እያነሡ ሰደቧቸው፤ በዱላም ደበደቧቸው። ግራ ክንዳቸው ተሰበረ። ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ አበዛሽ የመኪናዋን የሰሌዳ ቁጥር በወረቀት ከረጢት ላይ ጻፉ።

በዚያው ቀን፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ። መኮንንዎ ደርሶ «እንዴት ነዎት?» አላቸው። አቶ ሳህሌ የተንጠለጠለውን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ከተቀመጡበት ተነሡና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» አሉ። መኮንኑ «ተበዳዩ ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል» ብሎ መዘገበ፤ ከረጢቱንም ከወይዘሮ አበዛሽ ተቀብሎ ሄደ።

ኦክቶበር 20። የሐኪም ወረቀት አቀረብሁ፤ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል ይላል። የሐኪም ወረቀት የባለጉዳዩን የራሱን ቃል ሊሽር እንደማይችል ተነገረኝ።

ኖቬምበር 6። ጣቢያዎ ደውሎ እንዴት እንደሆኑ ደግሞ ጠየቃቸው። ከዚያ በፊት ለሦስት ቀን «ታምሜያለሁ» ማለትን ሳለማምዳቸው ነበር። እሳቸው ግን ደህና መሆናቸውን ተናግረው የደዋዩን ልጆች ጤና ጠየቁ። ብወቅሳቸው፣ «ልጄ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ በቁስሌ ልቀበለው?» አሉኝ። ወይዘሮ አበዛሽም ከሱቃቸው መደርደሪያ ወዲያ ሆነው፣ «ተይው እባክሽ፤ ሳህሌ ቀብሩ ላይም ‹ደህና ነኝ› ሳይል አፈር አይለብስም» አሉ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1987። ተበዳዩ ደህና ስለሆኑ መዝገቡ በፌብሩዋሪ መጨረሻ እንደሚዘጋ በፊርማዎ አሳወቁን። ፒክአፗ እስከ ዛሬ በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚያው ፌርማታ ታልፋለች፤ አቶ ሳህሌም ገና ባልጠና ክንዳቸው ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ሥርዓት ሰላምታ ምርመራ አይደለም። ጠያቂን በችግር መቀበል ነውር ስለሆነ፣ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ እሳቱ የሚነገረው ቀጥሎ ነው። መኮንንዎ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ደብተሩን ስላጠፈ እሳቱ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ ቅሬታዬንና ምስጋናዬን አንድ ላይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወደ ጣቢያዎ በመጣሁበት ቀን የጽዳት ሠራተኞች በየትኛው በር እንደሚገቡ በትሕትና ስለተነገረኝ አመሰግናለሁ፤ የጋዜጠኞቹን በር በራሴ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ጋዜጣችን ስለ ዘር ጥቃት ከምትጽፍ ስለ ምግብ አሠራር ብትጽፍ እንደሚሻል ስለመከሩኝ ባለውለታዎ ነኝ። ምክርዎን ተቀብዬ በአንድ እጅ ብቻ ሊሠሩ የሚችሉ ምግቦችን እያሰባሰብሁ ነው።

ሦስተኛ፣ «የተቆጣች ሴት» ስላሉኝ ሦስቱንም ደብዳቤዎቼን ደግሜ መረመርሁ፤ አንድም ቃለ አጋኖ አላገኘሁባቸውም። ያገኙበትን ገጽ ቢጠቁሙኝ አርማለሁ።

አራተኛ፣ ድብደባው በዘር ጥላቻ ለመሆኑ ማስረጃ የለም ብለዋል። ወጣቶቹ የተናገሩትን ስድብ ወይዘሮ አበዛሽ ቃል በቃል ያስታውሱታል፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ግን ሳይጠየቁ አይደግሙትም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መዝገቡ ሳይዘጋ መኮንንዎ ተመልሶ ይሂድና አቶ ሳህሌን «ማን መታዎት?» ብሎ ይጠይቃቸው። ለዚህ ጥያቄ ሽማግሎቻችን በዕለቱ ከበሉት ቁርስ ጀምረው ነው የሚመልሱት፤ በቂ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይመረጣል።

የጣቢያዎን አግዳሚ ወንበር በመልመድ ትዕግሥትን የተማርሁ፣ የመልስ ደብዳቤዎችዎን በሁለት ሁለት ቅጂ በክብር የማስቀምጥ፣ ስለ ሥራዎ ያለማቋረጥ ለመጻፍ የተዘጋጀሁ አክባሪዎ፣

ማንአልሞሽ ይርጉ
የጋዜጣዋ አዘጋጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሰሌዳ ቁጥር የመኪና ባለቤትን ለማወቅ ጣቢያዎ ከአራት ደቂቃ በላይ እንደማይፈጅበት ባለፈው ዲሴምበር በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሲነግሩን አጨብጭበንልዎታል። ቁጥሩ እጃችሁ ከገባ ዛሬ መቶ ሃያ ቀኑ ነው። መኪናዋ የማን እንደሆነች አላጣራችሁም።