ለዓይነ ስውራን የጆሮ ጨዋታ የሠሩት የመምህር ዕንባቆም ጠና የሕይወት ታሪክ

መምህር ዕንባቆም ጠና ከአባታቸው ከአቶ ጠና ላምቤቦ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አባይነሽ ኤርጃቦ፣ ከሆመቾ ከተማ ወጣ ባለች መንደር በ1974 ዓ.ም. ተወለዱ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳቸው እኔ ታላቅ እህታቸው ገነቴ ነኝ። ያዘልኩትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ቢከብደኝም ወግ ነውና እላለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን በሰው እጅ አስጽፌዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሴ ነው።

ገና ሕፃን ሳሉ ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። የመንደሩ ሰው «እንግዲህ ይህ ልጅ ቤት ይቀመጥ» ብሎ ፈረደ። አባታችን ግን ሰው አልሰሙም፤ ከብት ሊሸጡ ወደ ፎንቆ ገበያ ሲሄዱ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። እዚያ ግርግር ውስጥ ዕንባቆም የቤታችንን ወይፈን በጩኸቱ ብቻ ይለዩት ነበር።

በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሆሳዕና አጠናቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና ሕመም እስኪያቆማቸው ድረስ ሆሳዕና አስተማሩ። ስክሪን ሪደር ከሚባለው ጋር የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ነው። በኮምፒውተርና በስልክ ላይ የተጻፈውን ለማያይ ሰው በድምፅ የሚያነብ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ከኮምፒውተር የሚነጥላቸው አልተገኘም።

በ2004 ዓ.ም. የሀደሮዋን ልጅ ወ/ሮ ሐዳሳ ተረፈን አገቡ። ያን ጊዜ «ዓይነ ስውር አግብተሽ ማን ሊያኖርሽ ነው?» ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ልጆቻቸውን አዶናይንና አዜብን በደስታ አሳደጉ።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ጨዋታ መሥራት ጀመሩ። ሥዕል የለውም፤ በጆሮ ነው የሚጫወቱት። ተጫዋቹ ፎንቆ ገበያ ውስጥ የጠፋበትን ወይፈን በጩኸቱ ፈልጎ ያገኛል። የከብቱን ድምፅ ከገበያው ቀዱ፤ ቀርፋፋውን ተጫዋች የምትሰድበዋን ነጋዴ ድምፅ ደግሞ ከእኔ። «እትዬ፣ እንደ ወትሮሽ ብቻ ተናገሪ» አሉኝ፤ ተናገርኩ። ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር የሚለው ቃል ግን የሚነበበው በተጫዋቹ በራሱ ስክሪን ሪደር ነበር።

ጨዋታውን ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለሀደሮ ዓይነ ስውራን ወዳጆቻቸው ሰጡ። ሁሉም «ጌታ ይባርክህ፣ ግሩም ነው» አሉ። ብዙዎቹ ግን ወይፈኑን አንድም ቀን አላገኙትም። ለካ ስክሪን ሪደር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ጨዋታው የሚነጋገረው መምህሩ ከሚጠቀሙበት ጋር ብቻ ነበር። በሌሎቹ ላይ ጭጭ ይላል። ሰው በየቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማው የከብት ጩኸትና የእኔን ስድብ ብቻ ነው! የዱራሜው ወዳጃቸው መምህር ሆሴዕማ ጨዋታው ይኸው ነው ብለው ለወራት በትዕግሥት ተሰድበዋል። ይሉኝታ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

እውነቱን ያወጣችው የሆሳዕናዋ ባለሱቅ ኢልሃም ናት፤ እሷም ዓይነ ስውር ናት። ቤት ድረስ መጥታ «ጋሼ ዕንባቆም፣ ወዴት እንደምዞር የሚነግረኝ የለም። ዝም ብለው ያሰድቡኛል እንዴ? ስድብ ብፈልግ ሱቄ ቁጭ ብዬ አላገኘውም?» አለቻቸው። መምህሩ መጀመሪያ አፈሩ፣ ኋላ ሳቁ። እኔም ልጅቷን ያን ቀን ወደድኳት።

ከዚያ ወዲያ ሐሳባቸው ሁሉ ጨዋታው ከየስክሪን ሪደሩ ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ሆነ። አንዱ ሲቃና ሌላው ይጣመማል፤ አንዱ ቃሉን ሳይጨርስ ያቋርጣል፣ አንዱ ሁለቴ ይደግማል። «ለእኔ ብቻ የሚናገር ከሆነ ብቻዬን መጫወቴ ነው» ይሉ ነበር። ምስጋናም መቀበል አቆሙ። «ግሩም ነው» ሲሏቸው «እሱን ተዉት፤ ወይፈኑ በየት በኩል ቆሟል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ያጣ ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ቤታቸው ይመጣል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። ኢልሃምም እዚያው ሙያውን ከእሳቸው ተማረች። እንዲህ እንዲህ እያለ የኮምፒውተሮቹ ስክሪን ሪደሮች ሁሉ ተናገሩ፤ የስልኩ ቀረ። ስልክ ላይ ተጫዋቹ ጣቱን ሲያንሸራትት ስክሪን ሪደሩ ለራሱ ይወስደዋል፣ ለጨዋታው አይደርሰውም። አብዛኛው ዓይነ ስውር ደግሞ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ይህ እንቅልፍ ነሳቸው።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ሆሳዕናም አዲስ አበባም ታከሙ፤ አልሆነም። ባለፈው ጥቅምት አልጋ ያዙ፤ ላፕቶፑም አብሯቸው ተኛ። በመጨረሻው ሰሞን መምህር ሆሴዕ ሊጠይቋቸው ከዱራሜ መጡ። እሳቸውም ለስልክ የሠሩትን ጨዋታ እንዲሞክሩላቸው ሰጧቸው። ሆሴዕ ጣታቸውን አንሸራተቱ፣ ደገሙ። ጨዋታው ግን ንቅንቅ አላለም። ሊሞት ያለን ሰው ማን ያሳዝናል? እኔ ራሴ ሠራ እንዲሉ ሆሴዕን ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው። ይሉኝተኛው ሆሴዕ ግን «ወንድሜ፣ አልሠራም። ጣቴን አይሰማም» አሉ። መምህር ዕንባቆም በእጃቸው ፈልገው ያዟቸውና «እስቲ ድገመው፤ የቱ ጋ ነው እምቢ ያለው?» አሉ። እስኪመሽ አብረው ሠሩ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሐዳሳን፣ ልጆቻቸውን አዶናይንና አዜብን፣ እኔንም እህታቸውን ጥለው ሄዱ።

ጨዋታው ስልክ ላይ ዛሬም አልሠራም። በአስከሬናቸው ፊት ቆሜ ሥራቸውን ፈጽመው ሄዱ አልልም፤ እሳቸውም አይወዱልኝም። ላፕቶፑ በሐዳሳ ፈቃድ ኢልሃም ዘንድ ነው፤ መምህር ሆሴዕም ስልካቸውን ይዘው በየሳምንቱ ከዱራሜ ሊመጡ ቃል ገብተዋል።

የሁሉን ድምፅ የሚሰማ ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል። ለሐዳሳና ለልጆቿ መጽናናትን፣ ሥራውን ለተቀበሉት ጉልበትን ይስጥ። አሜን።