በሁለቱ መስታወቶች መካከል የገባው ጉም

«ጋሼ፣ መስኮቱ የሚያልበው ቤት ለአሮጊት አይሆንም። አንተ ይህን ያህል ተምረህ አንድ መስኮት መጠገን አልቻልክም። በኅዳር መጨረሻ መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ፤ ቤቱን ስለመሸጥ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ይህ ያንቺ ጽሑፍ ነው። ነጥቡን እንኳ ሳላዛባ ገለበጥኩት፤ በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይኝ። አሁን ሰላምታዬን ላድርስ፤ ተናደድኩ ብዬ ሰላምታ የምነፍግሽ ሰው አይደለሁም።

ለምወድሽ እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ባልሽን ያ ወገቡ ለቀቀው ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሳው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹስ ጥፍሩን መብላት ተወ? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እማዬ ደህና ናት። በስልክ የሰማሽው ሳል ጉንፋን ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ደረቷን አዳመጡላት፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተባለ። ሐኪሟ «እናቴ፣ ከእኔ ደረት የእርስዎ ይሻላል» ስላለቻት ይኸው መንገድ ላይ ላለፈ ሁሉ ስትናገር ሰነበተች።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። በቪዲዮ ስታዪያት ከጀርባዋ ያለውን ነጭ ጉም ተመለከትሽና ቤቱ በሙሉ የራሰ መሰለሽ። ጉሙስ ነበረ። ሳሎን ያለው፣ እማዬ ወንበሯን ያስጠጋችበት፣ መንገዱን የሚያሳየው ትልቁ መስኮት ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ ነበር። እሷ ደግሞ መንገዱን ካላየች ቀኑ አይመሽላትም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ የሚታወቀው ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ጉሙ ሲበዛባት «ምነው፣ ሰፈሩ ላይ ዱቄት ነፉበት እንዴ?» ትል ጀመር።

መልእክትሽ በደረሰኝ ማግስት ካቻቪቴዬን ይዤ ተነሳሁ። ያነሳኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽሽም፤ ነገሩ ውስጥ ስገባ ግን ንዴቴን ረሳሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰው ሁሉ ውሃ ተመርምሮ የእናቴ ቤት ውሃ ሳይመረመር ሊቀር ነው?

«ያልበዋል» ብለሽ ጻፍሽ። በየት በኩል? ይህን ሳይጠይቁ ስለ መስኮት መፍረድ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። የዚህ ቤት መስኮት ድርብ መስታወት ነው፤ ድርብ ማለት ሁለት መስታወት ነው፣ በመሃላቸው ደረቅ አየር ታሽጎባቸው። ውሃው በቤት በኩል ከታየ ጥፋቱ የማንቆርቆሪያው ነው፤ እንፋሎቱን ማስወጣት ይበቃል። ጠዋት ጠዋት በውጭ በኩል ከታየ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ፤ የቤቱ ሙቀት እዚያ ድረስ አላለፈም፣ መስኮቱ ሥራውን እየሠራ ነው። እኔ በጣቴ ከውስጥ ባሻሸው ጉሙ አልነካ አለኝ። ዞሬ ከውጭ ባሻሸውም አልነካ አለኝ። ስለዚህ ያለው መሃል ነው፣ ማንም ጨርቅ በማይደርስበት። ማሸጊያው ለቋል ማለት ነው። በሁለቱ መስታወቶች ጠርዝ ዙሪያውን የሚሄድ ባዶ ብረት አለ፤ በውስጡ እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ጠጠሮች ይኖራሉ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በከረጢት እንደሚመጡት። እነሱ እርጥበቱን ጠጥተው ጠጥተው ሲጠግቡ ነው ጉሙ የሚወጣው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ መጀመሪያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? የባለቤቴን የጸጉር ማድረቂያ ይዤ መስታወቱን ማሞቅ ጀመርኩ። ጉሙ እልም አለ! ጮቤ ረገጥኩ፤ እማዬንም «ነይ እይ» ብዬ ጠራኋት። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ግን ጉሙ ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቴ «ዕቃ ረስቶ ነው የተመለሰው» ብላ ሳቀችብኝ። ውሃው መሃሉ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሙቀት መልኩን ይለውጠዋል እንጂ አያስወጣውም።

ከዚያ ባለመስታወቱን ጠራሁት። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከበሩ ሳይገባ መስኮቱን በሩቁ አየና «ጌታዬ፣ መስኮት እንደ ጥርስ ነው፤ አንዱ ከተበላሸ ሁሉንም ማውለቅ ነው» አለኝ። «እንኳን ጥርስ ሐኪም አልሆንክ» አልኩት። ፍሬሙ አልጠመመም፣ አልተሰነጠቀም፤ የሚለወጠው የታሸገው መስታወት ብቻ ነው ብዬ ድርቅ አልኩበት። አንገራገረና «እሺ፣ ልኩን ይስጡኝ» አለ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክቼ ትንሹን ቁጥር ያዝኩ።

አዲሱ የአሮጌው ዓይነት እንዲሆን ደግሞ አሮጌውን ማወቅ ነበረብኝ። ጉም ባልደረሰበት ጥግ ላይ ላይተር ለኩሼ አስጠጋሁ። ሁለት መስታወት አራት ገጽ ስላለው አራት ነበልባል ይታያል። ከአራቱ የአንዱ ቀለም ከተለየ ያ ገጽ ሙቀት የሚመልስ ቅብ አለው ማለት ነው። ሦስቱ ቢጫ ሆኑ፣ አንዱ ወደ ሐምራዊ ጠቆረ። ይህን ብታዪ እንዴት ደስ ባለሽ! እማዬ ከወንበሯ ሳትነሳ አንገቷን አስግጋ አየችና «ያኛውማ ቁርጥ አንተን ነው፤ አኩርፏል» አለችኝ።

መስታወቱ እስኪሠራ ድረስ ግን ሌላ ጥያቄ ዕረፍት ነሳኝ። ማሸጊያው ለቋል፤ ለምን ለቀቀ? የዕቃ ቤቱ መስኮት ከሳሎኑ ጋር በአንድ ሰው ተሠርቶ በአንድ ሰሞን የተገጠመ ነው። ዝናቡም የሚመታቸው በአንድ በኩል ነው። እሱ ጥርት ብሎ ሳለ የሳሎኑ ለምን ታመመ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በኩባያ ውሃ ይዤ የዕቃ ቤቱን መስኮት ከፈትኩና ከታች ባለው የፍሬም ቦይ ላይ አፈሰስኩ። ውሃው በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ወረደ። ለካ መስኮት ዝናብ ጨርሶ አያስገባም ማለት ስሕተት ነው፤ ትንሽ ትንሽ ያስገባል፣ ያስገባውንም ያስወጣል። የሳሎኑን ከፍቼ እንደዚያው አፈሰስኩ። ውሃው ሳህን ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በጣቴ ብዳብስ ቀዳዳ የሚባል የለም። መነጽሬን አድርጌ ሳጎነብስ ነጭ ሲሊኮን በነጭ ፕላስቲክ ላይ፣ በጣት ተለስኖ፣ አንድም ሳይቀር ተደፍኗል። በሚከፈተው ክፍል የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትም እንደዚያው። ዝናብ በገባ ቁጥር ውሃው መውጫ አጥቶ መስታወቱ እግር ሥር ሲተኛ ከርሟል። ውሃ ውስጥ የሚኖር ማሸጊያ ደግሞ መልቀቁ አይቀርም።

«እማዬ፣ እነዚህን ቀዳዳዎች ማን ደፈናቸው?» አልኳት። ጭንቅላቷ ላይ ያለውን መነጽሯን መፈለግ ጀመረች። ቆይታ «እኔ ነኝ» አለች። ሲሊኮኑን ከየት አመጣሽው ብላት ከሱቅ፤ እንዴት አጎንብሰሽ ቻልሽ ብላት «ምነው፣ ፖሊስ ሆንክብኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ለካ መንገዱ ላይ ቆሞ ይሰማናል። እሱ መቼም ዶክተር እንዳልሆንኩ እያወቀ «ዶክተር» ማለቱን አይተውም። «ዶክተር፣ ባልቴት አታስጨንቅ! እህትህ ናት እኮ፤ ባለፈው ስትመጣ ሲሊኮኑን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ‘እናቴን ብርድ ሊገድላት ነው’ ብላ ስትደፍን ዋለች» አለ። እማዬ በተከፈተው መስኮት ብቅ ብላ «አንተስ ምላስህን ማን ጠየቀው? መኪናህ ቆመ፣ አፍህ ግን አልቆመም!» አለችው። እሱም እየሳቀ ሄደ።

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ታለቅሺ ይሆን ብዬ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ መልሼ አነሳሁት። ቀዳዳ አይቶ ብርድ መፍራት የማንም ሰው ስሕተት ነው። ይህን ቤት ግን ባንቺ ሲሊኮን ታሞ ሳለ በእርጅና ከሰስሽው፣ እኔንም በስንፍና። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ከዚህ የባሰውን ደግሞ ስሚ። እማዬ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። መልእክትሽን ያነበብኩላት ዕለት ከአልጋዋ ሥር ሻንጣዋን አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ ባለቤቴ አይታታለች። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «ብርድ እንዳይመታኝ ብላ የሠራችውን እንዴት ‘አበላሽተሻል’ ልበላት? እዚያ ብቻዋን ሆና ስትብሰለሰል ማን ያባብላታል?» አለችኝ። ላንቺ ክፉ ቃል ላለመናገር ከቤቷ ልትወጣ ነበር።

አዲሱ መስታወት ሲመጣ እኔና ባለቤቴ ገጠምነው። አሮጌውን አቅፈው የያዙትን ቀጫጭን ዘንጎች በስስ ቢላ፣ ከረጅሙ ጀምሬ አላቀቅኳቸው። ሲሊኮኑን ፍቄ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርጌ፣ ውሃ አፍስሼ ሲወርድ አየሁ። የደረቀውን ጎማ ለወጥኩ። መስታወቱን አስገብተን ስንዘጋው ግን መስኮቱ ታችኛው ጥግ ላይ እየፋቀ እምቢ አለ። ማጠፊያውን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ ወይ ፍንክች! ሹፌሩ ከመንገድ ላይ «ዶክተር፣ ካልተዘጋ ዘበኛ ቅጠርለት!» ይለኛል። ስንነቅል የወደቁትን ትናንሽ የፕላስቲክ ሽብልቆች ቆሻሻ መስለውኝ ጠርጌያቸው ኖሯል! ከቆሻሻው ውስጥ ለቅሜ፣ አንዱን ከታች በማጠፊያው በኩል፣ ሌላውን ከላይ በእጀታው በኩል፣ ሰያፍ አድርጌ ሸጎጥኳቸው። መስኮቱ ቀና አለና ጠቅ ብሎ ተዘጋ። እስከዛሬ ፍሬሙ መስታወቱን የሚሸከም ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህ ባለው መስኮት መስታወቱም ፍሬሙን ደግፎ ይይዘዋል። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር መማሬ እስካሁን ይገርመኛል።

እማዬ አሁን መንገዱን ታያለች። ከገጠምነው ወዲህ ዝናብ ያለ ወራቱ ሁለት ጊዜ መታው፤ ሁለቱንም ጊዜ ውጭ ወጥቼ ውሃው በቀዳዳዎቹ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ቤቱ ደረቅ ነው። ስለዚህ እሷን የምትወስጅበት ያ ምክንያት የለም።

ሌላ ምክንያት ሊኖርሽ ግን ይችላል፤ ይህንን አልክድም። ትናንት አጠገቧ ተቀመጥኩና «የት መኖር ነው የምትፈልጊው?» ብዬ ጠየቅኋት። ወደ ውጭ አየች። «አንተ ‘እዚሁ’ እንድልህ ፈልገህ ነው የጠየቅኸኝ። እሷም ‘እወስዳታለሁ’ አለች እንጂ አልጠየቀችኝም። እሷ ትጠይቀኝ፤ የምመልሰው ለእሷ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ናፍቆቷን ትልክልሻለች፤ የጸጉር ማድረቂያዋን እንዳላቃጠልኩባትም እንድነግርሽ ብላለች። ሹፌሩ በሲሊኮኑ ጉዳይ እንዳትቀየሚው ይለምንሻል። ባልሽን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፣ ወገቡን ግን ተጠንቀቂ። ትልቋን «አጎትሽ ኮርቶብሻል» በያት። ትንሹን ስለ ጥፍሩ አትቆጪው፣ ራሱ ሲሰለቸው ይተወዋል። የባልሽን እናት ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምጠይቅሽ ይቅርታ አይደለም። ለእማዬ ጻፊላት። በእኔ በኩል አይደለም፣ በስልክም አይደለም፤ በራስሽ እጅ፣ በወረቀት፣ መነጽሯ ስለደከመ በትልልቁ ጻፊ። የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ «እወስድሻለሁ» የሚል ቃል አይግባበት። «ካንቺ ጋ» ብላ ከመለሰችልሽ ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ አመጣልሻለሁ፣ ስለ መስኮቱም ትንፍሽ አልልም። «እዚሁ» ካለች ደግሞ ቤቱን የመሸጥ ወሬ ዳግመኛ አይነሳ። ደብዳቤሽ ኅዳር 22 ቀን እጇ እንዲገባ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ ኅዳር 8 ቀን