በሞርሳ የተጀመረ ፍርድ፦ የባሌስትራ ሠሪው የጋሽ መዶሻ የሕይወት ታሪክ

እዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ማመን ሲያቅታችሁ እኔ የእህታቸው ልጅ ሬሳቸው ፊት ቆሜ እንደማነብ አስታውሱ፤ ሬሳ ፊት የዋሸ ምላሱ ይታሰር።

ጋሽ መዶሻ ከቄስ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ግንቦት 6 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ አዋላጇን በእርግጫ ብለው የፊት ጥርሷን እንዳወለቁ እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይምሉ ነበር። ቤታቸው ከንጋት ጀምሮ «ይፍቱኝ አባ» በሚል ሰው የተሞላ ስለነበር፣ ሕፃኑ አፋቸውን የፈቱት «እማዬ» ብለው ሳይሆን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ነው። አባታቸው ወጣ ሲሉ ደጅ የቆመውን ኃጢአተኛ ሁሉ እሳቸው እየፈቱ ያሰናብቱ ነበር፤ በዚህም ብዙ ተገርፈዋል።

ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለው፣ የሒሳብ አስተማሪያቸውን ከነወንበሩ በመስኮት ካስወጡ በኋላ ትምህርት በቃቸው። በ1956 ዓ.ም. ጋራዥ ተቀጥረው የጭነት መኪናን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራን፣ መቀጥቀጥ ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1965 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ1971 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ወፍጮ ቤት በወረፋ ተጣላ። ባለወፍጮው በብረት ዘንግ ጭንቅላቱን ለሁለት ከፈለው፤ ደሙ ዱቄቱ ላይ ፈስሶ ሊጥ ሆነ። ሦስት ምስክሮች «ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ነው የመታው» ብለው ማሉ፣ ዳኛውም ሰውዬውን በነፃ አሰናበተው። ጋሽ መዶሻ ሦስቱን ምስክሮች ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አሰልፈው በአንድ ጥፊ የሦስቱንም መንጋጋ ሰበሩ። ለዚህ ስምንት ወር ታሰሩ።

በተፈቱ ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለወፍጮውን ከመንገዱ ማዶ በአንገትጌው ጎትተው ጋራዥ አስገቡት። እጁን በሽቦ ጠፍረው ጭንቅላቱን ብረት በሚያጣብቁበት ሞርሳ መሐል ከተቱና እጀታውን ማዞር ጀመሩ። አንድ ዙር፤ ጆሮው ደማ። ሁለተኛ ዙር፤ አፉ ውስጥ ጥርስ ሲሰበር ደጅ ድረስ ተሰማ። ሦስተኛውን ሊያዞሩ ሲሉ፣ ሰውዬው ሞርሳው እንዲላላለት፣

«ጋሼ፣ ይፍቱኝ» አለ።

አፍ ልማዱን አይተውም።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ ጋሽ መዶሻ።

ብለውም ደርቀው ቀሩ። የአባታቸው ቃል ወጥቷል፤ እጃቸው ግን አሁንም እጀታው ላይ ነው። ሮጠው የደረሱት ባለቤታቸው ከኋላ ቆመው፣ «አፍህ ፈቶታል፤ እጅህ ምን ይጠብቃል?» አሏቸው። ጋሽ መዶሻ እየተሳደቡ፣ እያለቀሱ ፈቱት።

ከዚያ ወዲያ ፍርዱ የእግዜር ሆነና አርባ ዓመት ጠበቁ። በየማለዳው ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብለው ወፍጮ ቤቱ ላይ መብረቅ እስኪወርድ ይጠባበቁ ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ ሲገነጥለው «ይኸው ተጀመረ» ብለው ብድግ አሉ፤ ያው ነፋስ የራሳቸውን ቆርቆሮ አምጥቶ ትከሻቸውን ሰነጠቀው። ባለወፍጮው ግን ወፈረ፣ ልጆች ዳረ፣ የልጅ ልጅ አቀፈ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አልቆ የንስሐ አባታቸውን መንገድ ላይ አንቀው፣ የሰማዩ ዳኛ እንቅልፍ ጥሎት እንደሆነ ጠየቁ።

«የነቃ ዕለት» አሉ ቄሱ፣ ጉሮሯቸው እንደታነቀ፣ «መጀመሪያ የማንን በር የሚያንኳኳ ይመስልሃል?»

ጋሽ መዶሻ ለቀቋቸው። ቤታቸው ገብተው ወንበሩን ግድግዳው ላይ አንኮታኮቱት፤ ከዚያም መሬት ተቀምጠው በዕድሜያቸው ያወለቁትን የሰው ጥርስ ሲቆጥሩ ዋሉ። ስልሳ ሦስት ላይ ቁጥሩ ጠፋባቸው።

በ2012 ዓ.ም. ጉበታቸው ታሞ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሐኪሙንም ሁለት ጊዜ ከተኙበት በቡጢ ካሉት በኋላ፣ ኅዳር 19 ቀን «ፍርዱን ለፈጣሪ ትቻለሁ» ብለው በሰላም ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። ባለወፍጮውም አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ከመካከላችን ቆሟል፤ ማንም እንዳይነካው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እሳቸው ሰውን እንደያዙት ሳይሆን እንደ ምሕረቱ ይያዛት።

አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። «ፍርዱን ለፈጣሪ ትቻለሁ» አላሉም፤ ለቀብር ያምራል ብለው ባለቤታቸው ናቸው ያስጻፉኝ። ያሉት፣ ሁለቱን ቡጢያቸውን ጨብጠው፣ «ሄጄ ራሱን እጠይቀዋለሁ። እሱም ይጠይቀኝ» ነው።