የአባታችን አንድ ዓይን

ለተወደድህ ታናሽ ወንድሜ ለባምላኩ፣ ሐዋሳ።

ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለጽጌ፣ ጽጌውን አስፈጽሞ ለጽዮን በዓል ያደረሰን አምላክ ስሙ ከፍ ይበልና፣ ወንድሜ፣ አንተ እንደምን ሰንብተሃል? ጤንነትህስ እንደ ኅዳር ምንጭ ጠርቶልህ ይሆን? ያ በስልክ ያማረርኸው የትከሻህ ሕመም ለቅቆህ ይሆን፣ ወይስ ዛሬም ብሩሽ ባነሣህ ቍጥር ያስታውስሃል? ባለቤትህ ትሕትናስ፣ ልጅህ ዘመኑስ እንደምን ናቸው? እኛ በእናታችን በእማሆይ ካሳነሽ ጸሎት ደኅና ነን፤ እርሳቸውም ከጉልበታቸው ቁርጥማት በቀር ምንም አልሆኑ፤ ጤፉም ዘንድሮ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል።

ለእናታችን የላክኸው ሥዕል በብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለለ ከነክብሩ ደርሷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ከአንተ የምሸሽገው የለኝምና፣ መጠቅለያው ተፈትቶ ባየሁት ጊዜ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ቅናት ነበር። ዕድሜ ልኬን በየደብሩ ግድግዳ አቡጀዲ በሙጫ እየለጠፍሁ፣ በጀሶ እያለሰለስሁ፣ እስኪደርቅም እየጠበቅሁ፣ የጻድቃኑን ልብስ እጥፋቱን ሳይቀር በጥቍር መስመር እየዘጋሁ የኖርሁ እኔ፣ አንተ አንዲት መስመር ሳትዘጋ የሠራኸውን ማሳ ሳየው የአፈሩ ሽታ ወደ አፍንጫዬ መጣ።

በስልክ የነገርኸኝ አሠራር ሁሉ አብሮ ትዝ አለኝ። ሸራውን አስቀድመህ በቀይ አፈር መልክ ትሸፍነዋለህ፤ ያ አክሪሊክ የምትለው ቀለም ሰው ጸሎተ ሃይማኖትን ደግሞ ሳይጨርስ ስለሚደርቅ፣ ወዲያው የጤፉን አረንጓዴና የኑጉን ቢጫ በውኃ አቅጥነህ ታፈስስበታለህ፤ ይህኛው ደግሞ ሳይደርቅ በፀጉር ማበጠሪያ ስትቧጭረው፣ ከሥር የተቀበረው ቀይ ትልም ሆኖ ብቅ ይላል። መነሻህም ከቡሬ ወደ ነቀምቴ ስትወርድ በመኪና መስኮት ያየኸው፣ እንደ ድሪቶ የተጣጣፈው ማሳ እንደሆነ አጫውተኸኛል። በዚያ መንገድ እኔም ስንት ጊዜ ወርጃለሁ፤ እያንቀላፋሁ።

አልሸነፍም ብዬም ሞከርሁት። ቡሬ ካምፓስ የምትማረው የልጅ ልጄ ህይወት ይህንኑ ቀለም ገዝታ አመጣችልኝና አፈሰስሁ፣ ቧጨርሁም፤ እጄ ግን ቀለም ባረፈበት ሁሉ ዙሪያውን በጥቍር ካላጠረ አላስቀምጥ አለኝ። ልጅቱም አየት አድርጋ «አባባ፣ ይሄ እኮ ማሳ አይደለም፣ የመሬት ልኬታ ካርታ ነው፤ ማኅተሙ ብቻ ቀርቶታል» ብላ ተንከተከተችብኝ።

ነገሩ የከረረው በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። የእናታችን የማኅበር እኅቶች ቤታችን ተሰብስበው ሳለ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ ከመደቡ በላይ የተሰቀለውን ሥዕልህን ቀና ብላ አየችው። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአፈሩ ጋር በተዋሐደ መልክ እርፍ ጨብጠው በጎናቸው ይታያሉ፤ ከፊታቸው ጎልታ የምትታየው አንዲት ዓይናቸው ብቻ ናት። እርስዋም ጮክ ብላ «ውይ እማሆይ! ባለቤትዎ ምን በድለው ነው ልጅዎ ከኃጥኣን የደመራቸው? ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን አይደለም ወይ?» አለች። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሥርዓት ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ ግን ዞሮ ባንድ ዓይኑ እንደሚሳል አንተ ዘንግተኸው ይሆናል፤ እነርሱ ግን በየደብሩ ግድግዳ እያዩ አድገዋልና ሁሉም አማተቡ።

እናታችን ደነገጡ። ወደ እኔ ዞረውም «ይሄይስ፣ ለቅዱሱ ሁሉ ዓይን ስታድል ኖረህ ላባትህ አንዲት ትነፍጋለህ? ጨምርላቸው፤ አለዚያ ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣ» አሉ። ባንቺአየሁም «ዋናው ባለሙያ እዚሁ ተቀምጦ!» ብላ አከለችበት። ወንድሜ ሆይ፣ ያ ቃል ከማር ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ብሩሼን በጥቍሩ ነክሬ ከሥዕልህ ፊት ቆምሁ። አንዲት ዓይን ብጨምር ሥዕሉ የእኔ እንደሚሆን ዐውቄአለሁ፤ ወደ ቤታችን የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ያችን ዓይን፣ የሚያመሰግነውም እኔን ነውና። የማሳርፍባትን ቦታ ስፈልግ ግን እጄ ቀጥ አለ። አባታችን እንዲህ የሚታዩት ዘር ይዞ ትልም ለትልም ከጎናቸው ለሄደ ሰው ነው፤ ያም አንተ ነህ። እኔን ገና በልጅነቴ ለዜማ ትምህርት ደምበጫ ሰደዱኝ፤ አባታችንን የማውቃቸው ስንቅ ይዘውልኝ ሲመጡ፣ በደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ቆመው በሁለት ዓይናቸው ሲያዩኝ ብቻ ነው። ለካ በቀለምህ እያሳበብሁ የቀናሁት በዚያ ጎናቸው ኖሯል። ብሩሹን አጠብሁት።

ለእናታችን «ይህን የሣለ ልጅ አብሯቸው ሲያርስ ያያቸው ነው፤ ኃጢአት የለበትም» ብዬ ነገርኋቸው። እሳቸውም ሥዕሉን ብዙ ሲያዩ ቆይተው «እውነትክን ነው፤ እርፍ ከጨበጡ ለማንም ቀና አይሉም ነበር» አሉና እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። ሥዕሉም ከቦታው አልተነሣም። ባንቺአየሁ ግን እስከ ዛሬ ስትገባ ታማትባለች።

ቅናቴ በረደ አልልህም። እኔም በአቡጀዲዬ ላይ አባታችንን እንደማውቃቸው፣ ፊት ለፊት፣ ነገር ግን እርፍ እንደ ጨበጡ ልስላቸው ጀምሬአለሁ። ፊታቸው አልቋል፤ እጃቸው ላይ ቆሜአለሁ። እርፉን በየትኛው እጃቸው፣ ጅራፉን በየትኛው ይይዙ እንደ ነበር አላውቅም። እናታችንን ብጠይቃቸው «እኔ ምሳ አድርሼ እመለስ ነበር፤ ሲበሉ እንጂ ሲያርሱ መቼ አየሁ?» አሉኝ። ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ታላቅ ታናሹን መለመን ቢከብደውም፣ ፈጥነህ ጻፍልኝ።

ለትሕትና የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ዘመኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ከዚህ እናታችን መርቀውሃል፤ ህይወትም እጅ ትነሣሃለች።

ታላቅ ወንድምህ ይሄይስ
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.