ራሰ በራው ግድግዳው ላይ ይውጣ

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 2011፣ አምቦ

ወንድሜ በቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ የአንድ ምርጥ የሬስሊንግ ተጫዋች ፎቶ ይሰቅላል። ዛሬ ደንበኞቹ የዘንድሮው ማን ይሁን ብለው ሲከራከሩ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሁሉም የሻምፒዮንነት ቀበቶ ይቆጥራል። እኔ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ራሰ በራ ይሁን አልኩ። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ቆርጬ ያስቀመጥኩትን ፎቶውንም አወጣሁ።

"አዴ ብርሃኔ፣ አንድ ቀበቶ እንኳ የሌለውን?" ብለው ሳቁ ልብስ ሰፊው ኦቦ ለሚ።

"አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚወሰን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ቀበቶ ምን ይመሰክራል? እሱ እንደዚያ አሳምሮ ባይወድቅላቸው እነዚያን ባለቀበቶዎች ማን ጀግና ይላቸው ነበር?"

ልክ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ወንድሜ "ሰኞ እንወስናለን" አለ። ፎቶውን ግን አልመለሰልኝም፤ መሳቢያው ውስጥ፣ ፎቶ ከሚሰቅልባቸው ሚስማሮች ጋር አስቀመጠው።