ልብ የሚሸጥበት ቤት

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ወፍሬ ቀሚሴን ራሴው አስፍቼዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ አፌ አላርፍ ሲልሽ «ኧረ ልብ ግዢ!» ትዪኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ገበያ እየተከተልኩሽ ልብ የሚሸጥበትን ሱቅ እፈልግ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተገኝቷል፤ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው።

በቀደም አንዲት ሙሽራ የሰፋሁላትን ቬሎ ልትሞክር ከእናቷ ጋር መጣች። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። እናትየዋ፣ ልኬት የማታውቅ ሰፊ ቀጥራችሁ ልጄን ልታዋርዱ ነው ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ምንም ነገር ስለማያስቸኩለው «ቆይ እስቲ» የምንለው ሽማግሌው አለቃችን መነጽሩን አወለቀ። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ለእኔ ለማስረከብ ያሰበው በዚያው ሰሞን ነበር።

ሜትሬ አይዋሽም ልል አፌን ስከፍት ሙሽራዪቱን በመስታወቱ አየኋት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ የለካሁት አንድ ሰው ነበር፤ ለካ ሁለት ሆነዋል! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አጥብቤዋለሁ አልኩ። አዎ እማዬ፣ ዋሸሁ። አትቆጪኝ፤ እውነቱ የእሷ እንጂ የእኔ አልነበረም፣ ጊዜውን መርጣ የምትናገረውም እሷው ናት። የእናትየዋን ስድብ እኔ፣ ያ ምላስ ያለኝ ልጅሽ፣ ዋጥ አደረግሁት። «ቆይ እስቲ» ግን መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ ሥራው ዞረ። እኔም ሊያባርረኝ ነው እያልኩ ቬሎውን በጎኑ አሰፋሁት።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዪቱ ብቻዋን መጥታ አቀፈችኝ። በጆሮዬም፣ ከቬሎው በተረፈው ጨርቅ የሕፃን ልብስ ስፊልኝ አለችኝ። ጨርቁን ዘርግቼ ሳሰላ «ቆይ እስቲ» አጠገቤ ቆመ። ለማን ነው እንኳ አላለኝም። ማንንም የማያስነካውን ትልቁን መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ይሄኛውን ሰፋ አድርጊው፣ ልጅ ቶሎ ያድጋል ብሎኝ ሄደ። ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል! እኔም ሳቅና እንባ ተደባለቁብኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን፣ የጫማህ ቁጥር ጠፍቶብኛልና ላክልኝ በዪው። አክስቴንም ሰላም በዪልኝ። ታናሿን እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ይህን ወሬ ግን እንዳትነግሪያት። የእሷ አፍ የድሮው የእኔው ነው፤ መጀመሪያ ልብ ትግዛ።

ልጅሽ
ከመቁረጫው ጠረጴዛዬ፣ ማክሰኞ፣ ጥር ፱ ቀን